ምዕራፍ 7፦ ብርቱካኑ ተይዞ ጤፉ ሲያመልጥ

ነገሩ የጀመረው ወንዝ አልጋውን ስለቀየረ ነው። በ1955 መገባደጃ (በዚህ መጽሐፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የያሙና ወንዝ በጎርፍ ሞልቶ ከቆየ በኋላ ሲጎድል፣ ዴልሂ አጠገብ የሚሄድበት መስመር ተለውጦ ተገኘ። ናጃፍጋርህ በተባለው ቦይ የሚወርደው የከተማዋ ፍሳሽ ቁልቁል መፍሰሱን ትቶ ወደ ኋላ አፈገፈገና ዋዚራባድ ካለው የመጠጥ ውሃ መሳቢያ ጣቢያ ደጃፍ ደረሰ።

የጣቢያው ሠራተኞች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ክሎሪኑን ከወትሮው በላይ አበዙት። ሠርቷልም። ፍሳሽ የገባበት ውሃ በተጠጣበት ከተማ ይነሳል ተብሎ የሚፈራው ታይፎይድ አልጨመረም፤ የደም ተቅማጡም እንደዚያው። ባለሙያዎቹ እፎይ ለማለት በቂ ምክንያት ነበራቸው።

ከሳምንታት በኋላ የዴልሂ ሰዎች ዓይን ቢጫ ይሆን ጀመር። በአገራችን የወፍ በሽታ የሚባለው የጉበት ሕመም በዲሴምበርና በጃንዋሪ ከ29,000 በላይ ሰዎችን ያዘ፤ በነፍሰ ጡሮች ላይ ደግሞ ክፉኛ በረታ። ውሃው ያው፣ ክሎሪኑም ያው። ታይፎይዱ ሲቀር የወፍ በሽታው እንዴት ገባ?

የበሽታው ባለቤት ማን እንደሆነ ለማወቅ ሩብ ምዕተ ዓመት አልበቃም። ሚካሂል ባላያን የተባለ የሶቪየት ሳይንቲስት አፍጋኒስታን ውስጥ በወፍ በሽታ ከተያዙ ወታደሮች ሰገራ የተዘጋጀ ፈሳሽ ራሱ ጠጣ፣ ታመመ፣ ከራሱም ሰገራ ቫይረሱን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ለይቶ በ1983 ለዓለም አሳወቀ። (እንዲህ ያለውን ሙከራ ዛሬ የሚፈቅድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይገኝም።) ቫይረሱ በኋላ ሄፓታይተስ ኢ ተባለ፤ ተቀምጠው የቆዩ የደም ናሙናዎች ሲመረመሩም የዴልሂው ወረርሽኝ ጦሱ የእሱ እንደነበረ ታወቀ። ቫይረሱ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በ2014 እና 2015 በጋምቤላ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች በተጠለሉባቸው ካምፖች ከ1,000 በላይ ሰዎች በዚሁ በሽታ ተጠርጥረው ተመዝግበዋል። በእርግዝናቸው የመጨረሻ ሦስት ወራት የሚይዛቸውን ሴቶች ከመቶ ከ20 እስከ 25 ድረስ ሊገድል ይችላል።

የዴልሂው ውሃ ባክቴሪያው በብዛት ሞቶበት ቫይረሱ የተረፈበት ውሃ ነበር። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ሁሉ ከዚች አንዲት ነጥብ ይነሳል።

ምስክሩ ማን ነው?

በምዕራፍ 2 ጆን ስኖው በ1854 ለንደን ላይ የብሮድ ስትሪቱን የውሃ ፓምፕ እጀታ እንዴት እንዳስነቀለ አይተናል። በምዕራፍ 5 ደግሞ ኢ ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ውሃ በሰገራ መበከሉን የሚያሳብቅ ዋና ምስክር ሆኖ እንዴት እንደተመረጠ ተነጋግረናል። ሐሳቡ ብልህ ነው። በውሃ ውስጥ ሊኖሩ የሚችሉ በሽታ አምጪዎችን አንድ በአንድ መፈለግ አይቻልም፤ ስለዚህ በሁሉም ሰው አንጀት የሚኖረውን፣ ርካሹንና በአንድ ሌሊት የሚያድገውን ባክቴሪያ መፈለግ ይበቃል። እሱ ካለ ሰገራ አለ። እሱ ከሌለ ግን?

እዚህ ላይ ነው ምስክሩ የማያውቀውን የሚመሰክረው።

አንድ ኢ ኮላይ ርዝመቱ 2 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው። የፖሊዮ ቫይረስ ስፋት ደግሞ ወደ 30 ናኖ ሜትር፤ ማለትም ከባክቴሪያው በ60 እና በ70 እጥፍ መካከል ያነሰ። በቤት ዕቃ ይመንዘር ከተባለ፣ ቫይረሱ አንዲት የጤፍ ፍሬ ብትሆን ባክቴሪያው ደህና ብርቱካን ያህላል። ብርቱካን በቅርጫት ይያዛል። ጤፍ ግን በቅርጫት ቀዳዳ ሾልኮ ያልቃል። የኢ ኮላይን ውጤት ብቻ ይዞ «ውሃው ንጹህ ነው» የሚል ሰው፣ ቅርጫቱን አገላብጦ «አንድም ብርቱካን አልወደቀም» ስላለ ጤፉም አልፈሰሰም ብሎ እንደሚምል ሰው ነው።

ንጽጽሩ ልክ አለው። ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ወንፊት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ቫይረስ ከቆሻሻው ጋር ተጣብቆ ከዝቃጩ ጋር ይወርዳል፣ ሌላውን ጨረርና ኬሚካል ይጨርሰዋል። ሁለተኛው ልዩነት ግን ከመጠን ይብሳል። ባክቴሪያ ሕይወት ያለው ፍጡር ነው፤ ይበላል፣ ይተነፍሳል፣ ይራባል። በንጹህ ውሃ ውስጥ ከተጣለ ይከሳል። ቫይረስ በፕሮቲን ቅርፊት የተጠቀለለ የዘር መመሪያ ነው። ጎታ ውስጥ እንደተቀመጠ ዘር አይበላም፣ አይጠጣም፤ መሬቱን እስኪያገኝ ይጠብቃል። መሬቱ የሰው አንጀት ነው።

አዴኖቫይረስን እንውሰድ፤ ሕፃናትን የሚያስቀምጥ፣ ዓይንና ጉሮሮን የሚያሳምም ቫይረስ ነው። በርካታ ጣቢያዎች ውሃውን በመጨረሻ በአልትራቫዮሌት ጨረር ያስመቱታል፤ ጨረሩ የዘር መመሪያውን ያበላሻል። ኢ ኮላይ በጥቂት ጨረር ይወድቃል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2006 ባወጣው የመጠጥ ውሃ ደንብ ግን ከ10,000 ቫይረስ 9,999ኙን ለማስወገድ በካሬ ሴንቲ ሜትር 186 ሚሊ ጁል ጨረር ያዛል፤ ከባክቴሪያው ድርሻ ብዙ እጥፍ መሆኑ ነው። ከዚህ በስተጀርባ ያለው ምክንያት አዴኖቫይረስ ነው። የተጎዳው መመሪያው ድርብ ክር ስለሆነ፣ የሰው ሴል ውስጥ ሲገባ የሴሉን የገዛ ራሱን የጥገና መሣሪያ ተጠቅሞ ይጠገናል። ሌባ የተሰበረ መሣሪያውን በባለቤቱ መዶሻ እንደመጠገኑ ነው።

የዘጠኞች ሒሳብ

በፈተና 99 ከመቶ ያመጣ ተማሪ ይሸለማል። በፍሳሽ ማጣሪያ ግን 99 ከመቶ ውድቀት ነው።

ነገሩን በቁጥር ለማየት፣ ወደ ጣቢያው የሚገባ አንድ ሊትር ፍሳሽ 10 ሚሊዮን ቫይረስ ይዟል እንበል። የተጋነነ ግምት አይደለም፤ በሮታ ቫይረስ ወይም በኖሮቫይረስ የታመመ አንድ ሰው በእያንዳንዱ ግራም ሰገራ ቢሊዮኖችን ሊያወጣ ይችላል። ጣቢያው 99 ከመቶውን ቢያስወግድ በሊትር 100,000 ይቀራል። 99.99 ቢያስወግድ 1,000 ይቀራል። ለአንዳንዶቹ ቫይረሶች ደግሞ አንድን ሰው ለማሳመም ከ100 ያነሱ ቅንጣቶች ሊበቁ ይችላሉ። ስለዚህ የሙያው ሰዎች በመቶኛ መነጋገር ትተው የሚጠፉትን ዜሮዎች ይቆጥራሉ። ከ10 ሚሊዮን ወደ 1,000 የወረደ ውሃ አራት ዜሮ ጣለ ይባላል።

ካሊፎርኒያ የተጣራ ፍሳሽን ወደ ከርሰ ምድር አስገብታ መልሳ ለመጠጥ ለማውጣት በ2014 ባወጣችው ደንብ የጠየቀችው 12 ዜሮ ነው። ከአንድ ትሪሊዮን ቫይረስ አንድ ብቻ ይለፍ ማለት ነው። የከርሰ ምድሩ እረፍት ሳይኖር በቀጥታ ወደ መጠጥ መስመር ለሚገባ ውሃ ደግሞ በኋላ 20 አደረገችው።

ይህን ቀድማ የጀመረችው ግን ካሊፎርኒያ አይደለችም፤ አፍሪካዊቷ ዊንድሆክ ናት። የናሚቢያ ዋና ከተማ በዙሪያዋ በቂ ወንዝ የላትም። በ1968 ጎሬአንጋብ በተባለው ጣቢያ ከፍሳሽ የተጣራ ውሃ በቀጥታ ወደ ከተማው የመጠጥ ውሃ ማስገባት ጀመረች፤ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። በ2002 ሥራ የጀመረው አዲሱ ጣቢያ በቀን 21,000 ሜትር ኩብ ያመርታል። ውሃው ኦዞን፣ አሸዋ፣ የከሰል ማጣሪያ፣ ቀዳዳው በጣም ረቂቅ የሆነ ስስ ማጣሪያና ክሎሪን በተራ ይቀባበሉታል። አንዱ ቢሰንፍ ሌላው እንዲይዝ ነው። አሥራ ሁለት ዜሮ በአንድ ዘብ እጅ አይገኝም።

መቶ ሊትር በአንድ ማንኪያ

ያልተጣራ ፍሳሽ ውስጥ ቫይረስ መፈለግ ገበያ መሐል ሰው እንደመፈለግ ነው፤ ሞልቷል። በዚህ በኩል የታወቀው ድል በ2013 በደቡብ እስራኤል የሆነው ነው። ራሃት ከተባለችው የቤዱዊን ከተማና ከቤርሳቤህ አካባቢ በተወሰደ ፍሳሽ ውስጥ የፖሊዮ ቫይረስ ተገኘ፤ አንድም ሽባ የሆነ ሕፃን ሳይኖር። በፖሊዮ ከተያዙ 200 ሰዎች ሽባ የሚሆነው አንዱ ያህል ብቻ ነውና፣ ሐኪም ቤት የመጀመሪያውን በሽተኛ እስኪያይ ቢጠበቅ ኖሮ ቫይረሱ ስንቱን ባዳረሰ ነበር። አገሪቱ ከ2005 ወዲህ ትታው የነበረውን የአፍ ጠብታ ክትባት በነሐሴ አወጣች፤ በሽባነትም የተያዘ ሰው አልተገኘም። በ2020 መጀመሪያም የሆላንድ ተመራማሪዎች በአሜርስፎርት ከተማ ፍሳሽ ውስጥ የኮሮና ቫይረስን ምልክት ያገኙት በከተማዋ የመጀመሪያው በሽተኛ ከመመዝገቡ በፊት ነው።

ያ ምርመራ የሚጠይቀው «ሕዝቡ ምን ይዞታል?» ብሎ ነው። የተጣራው ውሃ ምርመራ ጥያቄው ሌላ ነው፦ «ጣቢያው ሥራውን ሠርቷል ወይ?» ጣቢያው በሠራ ቁጥር መርማሪው ይቸገራል፤ የሚፈልገው እየጠፋ ይሄዳልና። አንድ ሊትር የነበረው ናሙና አሥርና መቶ ሊትር ይሆናል።

መቶ ሊትር ውሃ እንዴት አድርጎ ወደ ምርመራ ቱቦ ይገባል? በማበጠሪያ ይጀመር። ፀጉር ላይ የተፈተገ የፕላስቲክ ማበጠሪያ ቁርጥራጭ ወረቀት እንደሚስብ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። በተራ ውሃ ውስጥ አብዛኛው ቫይረስ በላዩ ላይ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌት አለው። ስለዚህ አዎንታዊ ሙሌት ያለው ማጣሪያ ይዘጋጃል። ቀዳዳው ከቫይረሱ በጣም የሚሰፋ ስለሆነ ውሃው እንደ ልብ ያልፋል፤ ቫይረሱ ግን ሲያልፍ ይለጠፋል።

ቀጥሎ መላቀቅ አለበት፤ ለዚህ የሚያገለግለው የበሬ ሥጋ መረቅ ነው። ቀልድ አይደለም። ከበሬ ሥጋ የተዘጋጀ ዱቄት በውሃ ይበጠበጥና አልካሊ እንዲሆን ተደርጎ በማጣሪያው ላይ ይፈሳል። የሥጋው ፕሮቲን የቫይረሱን ወንበር ይቀማዋል፤ ቫይረሱም ተነስቶ ከመረቁ ጋር ይወርዳል። መረቁ አሁን አንድ ሊትር ያህል ነው፤ ገና ብዙ ነው። አሲድ ጠብ ይደረግበትና ልክ አሬራ ሲሞቅ አይብ እንደሚወጣው ፕሮቲኑ ይረጋል፣ ቫይረሱም እርጎው ውስጥ ተይዞ ይቀራል። በኃይል በሚሾር መሣሪያ ከታች ይሰበሰባል። መቶ ሊትሩ በመጨረሻ ከሾርባ ማንኪያ አይበልጥም።

በየደረጃው ግን ይባክናል፤ ግማሹ ወይም ከዚያ የሚበዛው መንገድ ላይ ቢቀር አያስገርምም። ጠንቃቃ ቤተ ሙከራ ስለዚህ ሲጀምር የማይጎዳ፣ ብዛቱ የታወቀ ሌላ ቫይረስ ውሃው ውስጥ ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ምን ያህሉ እንደተመለሰ ይቆጥራል። ሺህ ልኮ መቶ የተመለሰለት ቤተ ሙከራ «ምንም አላገኘሁም» ቢል፣ ቃሉ ምን ያህል እንደሚያወላዳ ራሱ ያውቃል። ይህን ቁጥር ያልያዘ የ«አልተገኘም» ሪፖርት ብዙም ዋጋ የለውም።

በርበሬ ሲመሰክር

ሌላው ችግር ወቅት ነው። ኖሮቫይረስ በቀዝቃዛ አገሮች በክረምት ይበዛል፣ በበጋ ይቀንሳል። በበጋ በተጣራው ውሃ ውስጥ ካልተገኘ ጣቢያው ጎብዞ ነው ወይስ መጀመሪያውኑ አልነበረም? ሁልጊዜ የሚገኝ፣ በሁሉም ከተማ የሚበዛ፣ በሽተኛ የማይፈልግ ቫይረስ ቢኖር እንዴት መልካም ነበር።

አለ። ከበርበሬ ነው የሚመጣው።

በ2006 የታተመ ጥናት ያካሄዱ ተመራማሪዎች የጤነኛ ሰዎችን ሰገራ መርምረው ምን ቫይረስ እንዳለበት ሲያዩ፣ ከሁሉ የበዛው የሰው ቫይረስ ሳይሆን የቃሪያና የበርበሬን ቅጠል የሚያዥጎረጉር የተክል ቫይረስ ሆኖ አገኙት። በአንድ ግራም ደረቅ ሰገራ እስከ አንድ ቢሊዮን። ናሙናው የሳን ዲዬጎና የሲንጋፖር ሰዎች ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ በገበያ በሚሸጥ የበርበሬ ስጎና ዱቄት ውስጥ አገኙት። ቫይረሱ ይፈጫል፣ ይበላል፣ በጨጓራ አሲድ ያልፋል፣ በማግሥቱ በሌላው በኩል ይወጣል። ወጥ ያለ በርበሬ የማይሆንለት አገር አንባቢ የዚህን ምስክር ብርታት ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አይሻም።

በ2009 አሜሪካ ውስጥ ያልተጣራም የተጣራም ፍሳሽ ሲመረመር ቫይረሱ በሁለቱም ተገኘ። እጅግ ግትር ነው። ግትርነቱም ጥቅም አለው፦ ጣቢያው ይህን ከቀነሰ ከእሱ የሚልሙትንም ቀንሷል ማለት ይቻላል። ጉዳትም አለው፤ የበርበሬው ቫይረስ ስለተገኘ ብቻ ውሃው ያሳምማል ማለት አይቻልም።

ሬሳ ነው ወይስ ሕያው?

የበርበሬውን ቫይረስም ሆነ ሌሎቹን በአብዛኛው የሚቆጥራቸው ፒሲአር ነው፤ ኮሮና በአፍንጫ እንጨት ከየቤቱ ጋር ያስተዋወቀው ምርመራ። ፒሲአር የዘር መመሪያውን አንድ አንቀጽ ፈልጎ ያባዛል። መጽሐፉ ሙሉ ይሁን ተቀዳዶ አንድ ገጽ ብቻ የቀረው አይለይም። ክሎሪን ወይም ጨረር የገደለው ቫይረስ ቁራጩ ውሃው ውስጥ እስካለ ድረስ «አለ» ይላል። ጣቢያው የመጨረሻ ዘቡን በደንብ እያሠራ፣ ፒሲአሩ ግን ከዘቡ በፊትና በኋላ ያለውን ውሃ እኩል አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።

ሕያው መሆኑን ማወቅ የሚቻለው በማራባት ነው፦ በሳህን ላይ የሰው ወይም የዝንጀሮ ሴል አልብሶ፣ ናሙናውን አፍስሶ፣ ሴሎቹ ይሞቱ እንደሆነ ቀናትና ሳምንታት መጠበቅ። ውድ ነው፣ ዘገምተኛ ነው። አንዳንዱ ቫይረስም እምቢ ይላል፤ የሰው ኖሮቫይረስ ከአንጀት ሴል በተሠራ ጥቃቅን ሰው ሠራሽ አንጀት ላይ ሊራባ የቻለው ገና በ2016 ነው።

መፍትሔው የተገኘው ከአሮጌው ወዳጅ ከኢ ኮላይ ነው። ባክቴሪያም የራሱ ቫይረስ አለው። ኢ ኮላይን የሚያጠቁት ቫይረሶች ኮሊፌጅ ይባላሉ። ከሰው አንጀት ይወጣሉ፣ ሰውን አይነኩም፣ አንዳንዶቹም በመጠን ከፖሊዮ ቫይረስ ጋር ይቀራረባሉ፤ ጤፍ ናቸው እንጂ ብርቱካን አይደሉም። ምርመራቸው ደስ ይላል። ሳህን ላይ የኢ ኮላይ ስስ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ውሃው ይጨመራል፣ ያድራል። ጠዋት ላይ ምንጣፉ እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቶ ይገኛል። እያንዳንዱ ዓይን አንድ ሕያው ቫይረስ ያረፈበት ቦታ ነው። ባለሙያው ዓይኖቹን ይቆጥራል። የሞተ ቫይረስ ዓይን አያወጣም።

የአውሮፓ ኅብረት በ2020 ያወጣውና ከጁን 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የተጣራ ፍሳሽ መስኖ ደንብ ይህን ምስክር ተቀብሏል። ጥሬያቸውን የሚበሉና ውሃው በቀጥታ የሚነካቸው አትክልቶች የሚጠጡትን ውሃ የሚያዘጋጅ አዲስ ጣቢያ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ኢ ኮላይን በአምስት ዜሮ፣ ኮሊፌጅን በስድስት ዜሮ መቀነሱን ማሳየት አለበት። ከብርቱካኑ ይልቅ ለጤፉ የጠበቀ ሕግ ነው።

አቃቂ ዳር

አዲስ አበባ ቃሊቲ ላይ ትልቅ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ አላት። ይሁንና ከከተማዋ የሚወጣው ፍሳሽ ሁሉ እዚያ አይደርስም፤ ብዙው በየወንዙ ገብቶ ወደ አቃቂ ይወርዳል። በወንዙ ዳር ያሉ ገበሬዎች ለአሥርት ዓመታት በዚሁ ውሃ አትክልት ሲያለሙ ኖረዋል፤ ምርቱም የከተማዋን ገበያ ይመግባል። ጎመን አለ፣ ቆስጣ አለ፣ ሰላጣ አለ።

ሦስቱ ግን እኩል አይደሉም። ጎመኑና ቆስጣው ድስት ውስጥ ይፈላሉ፤ ከፈላ ድስት የሚተርፍ የአንጀት ቫይረስ የለም ማለት ይቻላል። ሰላጣው በቧንቧ ውሃ ተለቅለቆ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ጥሬውን ገበታ ላይ ይቀርባል። ቅጠሉ እጥፋት ውስጥ የተለጠፈን ቫይረስ በመለቅለቅ ማስለቀቅ ከባድ ነው፤ ቤተ ሙከራው ለዚሁ ሥራ የበሬ ሥጋ መረቅ እንዳስፈለገው ልብ ይሏል። የኮሊፌጅ ምርመራ ደግሞ ኢ ኮላይን የሚያሳድግ ቤተ ሙከራ ሁሉ ሊሠራው የሚችል፣ በሳህንና በአንድ ሌሊት የሚያልቅ ሥራ ነው። ለቫይረስ ምርመራ የሚመደብ የመጀመሪያው ብር መዋል ያለበት ሰላጣ በሚጠጣው ውሃ ላይ ነው።